የግሬይሃውንድና የዘመዶቹ አመል እንዴት ይመዘናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከውሻ ሩጫ ውድድር የወጣ ግሬይሃውንድ ወይም ሌላ በዓይን አዳኝ ውሻ ለመውሰድ የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን፣ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ መልሻለሁ።

በዓይን አዳኝ የሚባሉት የትኞቹ ውሾች ናቸው?

ብዙ አዳኝ ውሾች አፍንጫቸውን መሬት ላይ ደፍተው ሽታ ይከተላሉ። እነዚህ ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው በሩቅ የሚንቀሳቀስ ነገር ይፈልጋሉ፤ ካዩ በሩጫ ይደርሱበታል። በእንግሊዝኛው ሳይትሃውንድ ይባላሉ። ግሬይሃውንድ፣ ዊፔት፣ ሳሉኪ፣ አፍጋን ሃውንድ፣ የሩሲያው ቦርዞይ፣ አይሪሽ ዎልፍሃውንድ፣ የስኮትላንዱ ዲርሃውንድ፣ የስፔኑ ጋልጎ፣ የሰሜን አፍሪካው ስሉጊ፣ የሳህሉ አዛዋክ ከዚህ ወገን ናቸው። ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽንም 10ኛ ምድብ ብሎ ለብቻቸው አስቀምጧቸዋል።

ፊታቸው ረጅም፣ ደረታቸው ጥልቅ፣ ሆዳቸው የተሰበሰበ ነው። ግሬይሃውንድ በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ሲጋልብ በእያንዳንዱ ዙር አራቱም እግሮቹ ሁለት ጊዜ ከመሬት ይለቃሉ። በዚያ ፍጥነት ጌታው ከኋላ ሆኖ ሊያዘው አይችልም። እናም ለብዙ ትውልድ ሲመረጥ የኖረው በራሱ ዓይን አይቶ፣ በራሱ ወስኖ የሚሮጠው ነው። ስለ አመላቸው ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

አመል ስንል ምን ማለታችን ነው? ከሥልጠና በምን ይለያል?

«ተቀመጥ» ሲባል መቀመጥ ሥልጠና ነው። የድስት ክዳን ከእጃችሁ አምልጦ ሲንኳኳ ውሻው የሚሆነው ነገር አመል ነው። በቅሎ ገዥ ጥርሷን አይቶ፣ እግሯን አይቶ፣ በመጨረሻ «አመሏስ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ለውሻም ይሠራል፤ ሰው ሲቀርበው፣ ድምፅ ሲያስደነግጠው፣ ብቻውን ሲቀር፣ የሚሮጥ ነገር ሲያይ ዘወትር እንዴት ነው የሚሆነው? አንዴ ያደረገው ሳይሆን ደጋግሞ የሚያደርገው ነው አመሉ።

አመል ከዘር፣ ከቡችላነት አስተዳደግና ካሳለፈው ኑሮ የተቀላቀለ ነው። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ትልቅ ድርሻ አለው፤ በዚያን ጊዜ ያየውን፣ የሰማውን፣ የነካውን ነገር ውሻው «ይህ የእኔ ዓለም ነው» ብሎ ይቀበለዋል። የውድድር ግሬይሃውንድ በዚያ ዕድሜው ከወንድሞቹ ጋር ያድጋል፤ ሰው ይነካካዋል፣ ይመግበዋል። ደረጃ መውጣት፣ የመስታወት በር፣ ቴሌቪዥን፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ግን አያውቅም። ወደ ቤት ሲገባ የሚያስፈራው ብዙውን ጊዜ ሰው ሳይሆን ዕቃ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይናከሳሉ? ቁጡ ናቸው?

በጥቅሉ አይደሉም። በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) በ2008 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የብዙ ሺህ ባለቤቶችን ምላሽ ሰብስበው ከ30 በላይ ዝርያዎችን ሲያወዳድሩ፣ ግሬይሃውንድና ዊፔት በሰውም በውሻም ላይ ቁጣ በማሳየት ዝቅተኛ ነጥብ ካገኙት መካከል ነበሩ።

ግን አንድ ነገር ለዩልኝ። ጥንቸል የሚያባርር ውሻ ተቆጥቶ አይደለም። የሚያድን ውሻ አያጉረመርምም፣ ጥርሱን አያሳይም፤ ዝም ብሎ ያፈጥጣል፣ ከዚያ ይፈተለካል። የቁጣ ምንጩ ፍርሃት ወይም «የእኔን አትንካ» ማለት ነው፤ የአደን ምንጭ ደግሞ የሚሮጥ ነገር ማየት ነው። ሁለቱ በተለያየ መንገድ ይመዘናሉ። ከሰው ጋር እንደ ማር የሚጣፍጥ ግሬይሃውንድ የጎረቤትን ድመት በሦስት ሰከንድ ሊገድል ይችላል፤ ይህ ግን ሕፃን ይነክሳል ማለት አይደለም።

ግቢ ይጠብቃሉ?

ግሬይሃውንድና ዊፔት አይጠብቁም። ሌባ ቢገባ ሶፋው ላይ ቦታ ሊለቁለት ይችላሉ። አዛዋክና ስሉጊ ይለያሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ይጮኻሉ፣ ይከላከላሉም። ለጥበቃ ብቻ ውሻ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ከዚህ ወገን ባትወስዱ ለእናንተም ለውሻውም ይሻላል።

ቡችላውን በሰባት ሳምንቱ አይቶ አመሉን ማወቅ ይቻላል?

በአሜሪካ በ49ኛው ቀን የሚሰጥ የቡችላ ፈተና የታወቀ ነው። ቡችላውን እንግዳ ሰው ይጠራዋል፣ በጀርባው ያስተኛዋል፣ ጨርቅ ይጎትትለታል፣ ድምፅ ያሰማዋል፤ በምላሹ ነጥብ ይሰጠዋል። የፈተናውን ውጤት ውሾቹ ካደጉ በኋላ ካሳዩት አመል ጋር ያስተያዩ ጥናቶች ግን ትንቢቱ ደካማ መሆኑን ነው ያገኙት። ከሁሉ ደካማ የሆነው ደግሞ ስለ ፍርሃትና ስለ ቁጣ የሚናገረው ነው።

ስለዚህ ቡችላ ለመውሰድ ካሰባችሁ ከቡችላው ይልቅ እናቱን ተመልከቱ። እንግዳ ሲገባ እናቲቱ ተነሥታ ታሸትታለች ወይስ ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች? ከተቻለ አባቱንም እዩ። ያሳደጉትንም ቡችሎቹ ከሰው ጋር በስንት ሳምንታቸው እንደተገናኙ፣ የቤት ድምፅ እንደሚያውቁ ጠይቁ። እናቲቱን «ዛሬ አትታይም» ካሏችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ፤ ያኔም ካላሳዩዋችሁ ተዉት።

የታወቁት መመዘኛዎች የትኞቹ ናቸው?

ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። የመጀመሪያው በ1977 የተመሠረተው የአሜሪካ የውሻ አመል ፈተና ማኅበር የሚሰጠው ነው። ውሻው 18 ወር የሞላው መሆን አለበት። ባለቤቱ በላላ ገመድ ይዞት ይሄዳል፤ ማነጋገርም ማበረታታትም አይፈቀድለትም። መንገድ ላይ ሰላምተኛ ሰው ያገኛል፣ ድንጋይ የተሞላ ባልዲ ሲንኳኳ ይሰማል፣ ተኩስ ይሰማል፣ ድንገት ጃንጥላ ይከፈትበታል፣ በፕላስቲክና በሽቦ ወለል ላይ ይረማመዳል፣ በመጨረሻም አኳኋኑ ያልተለመደ ሰው ይመጣበታል። ያለ ምክንያት ከተቆጣ፣ ደንግጦ ካልተመለሰ ወይም አጥብቆ ከሸሸ ይወድቃል። መደንገጡ ብቻ አይጥለውም።

ሁለተኛው የስዊድኖቹ ነው። ከ1989 ጀምሮ በጣም ብዙ ውሾች ተፈትነውበታል። ተመራማሪዎች ውጤቱን አገላብጠው አምስት ጠባዮችን ለይተዋል፦ ተጫዋችነት፣ ድፍረትና ጉጉት፣ የማባረር ፍላጎት፣ ከሰው ጋር መግባባት እና ቁጣ። ሦስተኛው የፔንሲልቬኒያው መጠይቅ ነው። 100 ጥያቄዎች አሉት፤ ምርመራው የሚካሄደው ውሻው ላይ ሳይሆን በባለቤቱ መልስ ላይ ነው። ባለቤት ውሻውን በየቀኑ ስለሚያየው ከአሥር ደቂቃ ፈተና የተሻለ የሚያውቀው ብዙ ነው፤ ጉድለቱ ደግሞ ባለቤት ውሻውን መውደዱ ነው።

የዝርያዎች የማለፍ መቶኛ በሰንጠረዥ ተደርድሮ ስታዩ አትቸኩሉ። ለፈተና የሚመጣው ባለቤቱ የተማመነበት ውሻ ነው። አንዳንዱ ዝርያ ደግሞ የተፈተነለት ጥቂት ውሻ ብቻ ስለሆነ ሁለት ቢወድቁ መቶኛው ይንኮታኮታል።

ለአንድ ሰዓት ሄጄ የማየት ዕድል ባገኝ ምን ልመልከት?

መጀመሪያ ምንም አታድርጉ። ገብታችሁ ጎናችሁን ሰጥታችሁት ቁሙ፤ አትጥሩት፣ እጃችሁን አትዘርጉ፣ ፊት ለፊት አትፍጠጡበት። በስንት ደቂቃ ይመጣል? ሲመጣ እጃችሁን አሽትቶ ይሄዳል ወይስ ጎኑን ይደገፍባችኋል? ግሬይሃውንድ ሲወድ ይደገፋል፤ 30 ኪሎው እግራችሁ ላይ ሲያርፍ ታውቁታላችሁ። ባይመጣም አትዘኑ። በሩቅ ሆኖ አካሉ ላላ፣ ጆሮው ወደ ኋላ ጥቅልል ብሎ፣ ዓይኑ ለስለስ ብሎ የሚያያችሁ ከሆነ ደህና ነው።

ከዚያ ቁልፋችሁን መሬት ላይ ጣሉ፤ ውሻው ላይ ሳይሆን ራቅ አድርጋችሁ። ይደነግጣል፤ ጤነኛ ውሻ ሁሉ ይደነግጣል። ሰዓታችሁን የምታዩት ከዚህ በኋላ ነው። ተመልሶ ቁልፉን ለማሽተት ስንት ጊዜ ፈጀበት? አምስት ሰከንድ፣ አንድ ደቂቃ ወይስ ጭራሹን አልተመለሰም? ሁለተኛ ጊዜ ስትጥሉትስ ድንጋጤው ቀነሰ ወይስ ባሰ? ይህን ያህል ዓመት ስመላለስ ከዚህ የበለጠ የሚነግረኝ ነገር አላገኘሁም። መደንገጥ የማንም ነው፤ ከድንጋጤ የሚመለስበት ፍጥነት ግን የውሻው የራሱ ነው።

በመጨረሻ ገመድ አስራችሁ ውጭ ውሰዱት። መኪና፣ ብስክሌት፣ ሌላ ውሻ ሲያይ ምን ይሆናል? ስሙን ስትጠሩ ወይም ቁራሽ ሥጋ ስታሳዩት ዓይኑን ከዚያ ነገር ላይ ማንሣት ይችላል? መሀል መንገድ ላይ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ቢቆም ግራ አይግባችሁ። ከውድድር የወጡት ይህን በብዛት ያደርጋሉ፤ ግትርነት ሳይሆን ዓለሙ በዝቶበት ነው። አትጎትቱት። ወደ ጎን ዞር በሉ፤ ተከትሏችሁ ይመጣል።

ዝም ያለ ውሻ ሁሉ የተረጋጋ ነው?

አይደለም። ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳትበት ይህ ነው። በዓይን አዳኝ ውሻ ሲፈራ ብዙ ጊዜ አይጮኽም፣ አይናከስም፤ ይደነዝዛል። መጠለያ ውስጥ ጥግ ይዞ የተኛውን አይተው «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» ብለው የወሰዱ ሰዎች ከስድስት ሳምንት በኋላ «ውሻው ተለወጠብን» ብለው ይደውላሉ። አልተለወጠም፤ ገና አሁን ነው የታያቸው።

ልዩነቱ አካሉ ላይ ይነበባል። የተረጋጋ ውሻ ሲተኛ በጎኑ ይዘረጋል፣ እግሩን ይለቃል፤ ግሬይሃውንድማ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ይተኛል። የፈራ ውሻ ራሱን እንደ ጥቅል ጨርቅ ይሰበስባል፣ ጅራቱን ከሆዱ ሥር ይከታል፣ አፉን ግጥም አድርጎ ይዘጋል፣ ሳይደክመው ያዛጋል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ምግብ ስትሰጡትስ? የሚወደውን ሥጋ አፍንጫው ሥር ይዛችሁለት ካልበላ ሆዱ ሞልቶ አይደለም፤ ፍርሃት ነው።

እኔ ግሬይሃውንዴን ታገሺን የወሰድኳት በ2021 መጀመሪያ ላይ ነው። የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ በ2018 በሕዝብ ድምፅ የግሬይሃውንድ ውድድርን ከልክላ፣ የመጨረሻው ሩጫ በ2020 ማብቂያ ላይ ቆሞ ነበርና ብዙ ውሾች ወደ ሰሜን ይመጡ ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንጣፏ ላይ ሳትነቃነቅ አሳለፈች፤ እኛም ደስ አለን። እሑድ ቡና ልንጠጣ እናቴ ሙቀጫ አውጥታ መውቀጥ ጀመረች። በመጀመሪያው ምት ታገሺ ተስፈንጥራ ከሶፋው ኋላ ገባች፤ እስከ ሦስተኛው አቦል... ይቅርታ፣ እስከ በረካው ድረስ አልወጣችም። ያን ጊዜ ነው ዝምታዋ ምን እንደነበረ የገባኝ። እናቴ በሚቀጥለው ቀን ሙቀጫውን ሌላ ክፍል ወስዳ፣ ፎጣ ላይ አስቀምጣ በቀስታ ወቀጠች፤ እኔ እዚህ ሥጋ እሰጣታለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሙቀጫው ሲመታ ታገሺ ጭንቅላቷን ብቻ ቀና አድርጋ፣ እኔን አይታ፣ መልሳ ተኛች። የዛሬው ችግራችን ጅራቷ ነው፤ ሲኒዎቹን ከረከቦቱ ላይ ጠራርጋ ትጥላለች።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ነን፤ ብቻውን መቆየት ይችላል?

ይህን ጥያቄ ሁለት ፈረቃ ከሚሠሩ ቤተሰቦች በየሳምንቱ እሰማለሁ። የውድድር ውሻ በሕይወቱ ሙሉ ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ጎኑ ሁልጊዜ ሌላ ውሻ ይተነፍስ ነበር። ስለዚህ ሰው እያለ እንቅልፋም መሆኑ ብቻውን ሲቀር ይተኛል ማለት አይደለም።

መመዘኑ ቀላል ነው። ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡና ለአምስት ደቂቃ ውጡ፤ በሌላ ቀን ለ20፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት። በሩን አሽትቶ፣ ትንሽ አቃስቶ ከተኛ ይለምዳል። ካለከለከ፣ ምራቁ ከተዝረበረበ፣ በሩን ከቧጠጠ ወይም የሚወደውን ምግብ ሳይነካ ከተወ፣ ሌላ ውሻ ያለበት ቤት ወይም ቤት የሚውል ሰው ያስፈልገዋል። ይህ በቁጣና በቅጣት አይስተካከልም።

ድመት አለን። ከድመት ጋር መኖሩን እንዴት እናውቃለን?

የውድድር ግሬይሃውንድ ሁሉ ድመት ይገድላል የሚለውም፣ ሁሉም ይለምዳል የሚለውም ውሸት ነው። ሲፈተን አፉ ላይ መከላከያ ይደረግለታል፤ የውድድር ውሾች ስለለመዱት አይጨነቁበትም። ገመዱን አጥብቆ የያዘ ሰው ይኖራል፤ ድመቷም ውሻ የለመደች፣ ሸሽታ የምትወጣበት ከፍ ያለ ቦታ ያላት መሆን አለባት።

የምታዩት ሦስት ነገር ነው። ውሻው ድመቷን ካየ በኋላ ፊቱን በራሱ ፈቃድ ካዞረ ተስፋ አለ። ካፈጠጠ ግን ስሙ ሲጠራ ወይም በእጃችሁ ጎኑን ነካ ስታደርጉት ከተመለሰ ሥልጠናና ጊዜ ይጠይቃል። ጆሮው ቆሞ፣ ሰውነቱ እንደ ክራር ክር ተወጥሮ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እያለቀሰ ምንም ነገር ካልመለሰው ግን ያ ውሻ ድመት ያለበት ቤት አይገባም። ይሄን በፍቅር እለውጠዋለሁ የሚል ሰው ድመቱን ይዞ እየተወራረደ ነው።

ድመቷ የተቀመጠች ስትሆንና ስትሮጥ ውጤቱ ይለያያል፤ ስለዚህ አንድ ፈተና አይበቃም። ቤት ውስጥ አብሯት የሚተኛው ውሻም ጓሮ ላይ ስትሮጥ ካያት የራሱ ድመት መሆኗን ሊረሳ ይችላል። ትንንሽ ውሾችንም እንደዚሁ ፈትኑ። ውጭ ደግሞ አጥር በሌለበት ቦታ ገመዱን አትፍቱ፤ አንገቱም ከጭንቅላቱ ስለሚወፍር ተራ የአንገት ማሰሪያ ሾልኮ ይወልቃል፤ ሲጎተት የሚጠብቅ ሰፊ ማሰሪያ ግዙለት።

ትንንሽ ልጆች አሉን፤ እንግዳም ይበዛብናል። ይሆነናል?

ብዙዎቹ ልጆችን ይታገሣሉ። «ይታገሣል» እና «ይወዳል» ግን አንድ አይደሉም። ልጅ ሲቀርብ ውሻው ጅራቱን ወዝወዝ አድርጎ ከተጠጋ ይወዳል። ፊቱን ካዞረ፣ ከንፈሩን ከላሰ፣ ተነሥቶ ከሄደ «በቃኝ» እያለ ነው። ተነሥቶ መሄዱ ትልቅ መልካም ምልክት ነው፤ መውጫ እያለው በጥርሱ የሚናገር ውሻ ጥቂት ነው። እናንተ ደግሞ መውጫ አዘጋጁለት፤ ልጅ የማይደርስበት አንድ ምንጣፍ።

ክርስትና ወይም ልደት ሲሆን 40 ሰው ይመጣል፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ ሥጋ ይቆረጣል። ለዚያ ቀን ውሻውን ፈተና ውስጥ አታስገቡት፤ ሌላ ክፍል ዝጉበት። እንግዶቻችን መካከል ውሻ የሚፈሩ፣ ቤት ውስጥ መኖሩን የማይወዱም አሉ፤ ለእነሱም ክብር ነው።

ተኝቶ ሲነኩት ለምን ያጉረመርማል? ክፉ ነው ማለት ነው?

አይደለም። አንዳንድ ግሬይሃውንዶች ዓይናቸው ተከፍቶ ይተኛሉ፤ ነቅቷል ብላችሁ ስትነኩት ከጥልቅ እንቅልፍ ነው የምታስደነግጡት። ሩጫ ላይ በነበረ ጊዜ ተኝቶ ማንም አልነካውም፤ መኝታው የእሱ ብቻ ነበር። ከሩቅ ስሙን ጥሩት፣ ጭንቅላቱን ሲያነሣ ቅረቡ። ልጆችም ከእሱ ጋር አልጋው ላይ እንዳይወጡ።

ለማጉረምረሙ አትቅጡት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያውን ከከለከላችሁት የሚቀጥለው ያለ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ፈጽሞ ነቅቶ እያለ፣ ወደ መኝታው ስትጠጉ ብቻ የሚያጉረመርም ከሆነ ግን ጉዳዩ እንቅልፍ ሳይሆን ቦታን መከላከል ነው፤ ያንን ከሚያውቅ ባለሙያ ጋር መሥራት ያስፈልጋል።

አይታዘዝም፤ ደደብ ነው?

በ1994 ካናዳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ስታንሊ ኮረን የውሾችን ታዛዥነት ደረጃ ሲያወጣ አፍጋን ሃውንድ የመጨረሻው ሆነ። ከዚያ ወዲህ «ደደቡ ውሻ» የሚለው ስም አልለቀቀውም። ደረጃው የተሠራው ግን የታዛዥነት ውድድር ዳኞችን በመጠየቅ ነው፤ የለካውም አንድ ዝርያ ለትእዛዝ ምን ያህል ይፈጥናል የሚለውን ነው። እረኛ ውሻ ሰው ያዘዘውን ሊፈጽም ተመረጠ፤ አፍጋን በተራራ ላይ ከጌታው ርቆ ሮጦ የራሱን ፍርድ ሊሰጥ ተመረጠ። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መስፈር ገበሬን በዋና መፈተን ነው።

ብልህነቱን ማየት ከፈለጋችሁ የማቀዝቀዣውን በር መክፈት ስንት ቀን እንደፈጀበት ቁጠሩ። አጭር ሥልጠና፣ ጥሩ ምግብ፣ ለስላሳ ድምፅ ይሠሩለታል። ጩኸት ግን በሩን ይዘጋዋል፤ አንዴ ተጮኾበት ለሳምንት የማይጠጋ ሳሉኪ አይቻለሁ።

ሳሉኪና አዛዋክ እንግዳ አይቀርቡም። ፈሪ ናቸው ወይስ ኩሩ?

ይህ ላይ መዛኙም ይሳሳታል። ሳሉኪ በበደዊኖች ዘንድ ሌላው ውሻ በማይገባበት ድንኳን የሚገባ፣ «ሑር» ማለትም ጨዋ ዘር ተብሎ የሚከበር ውሻ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቤተሰብ ቤት የሠሩ እህቶቻችን አንዳንዶቹ ያውቁታል። ለቤቱ ሰው ልቡን ይሰጣል፤ እንግዳን ግን ባላየ ያልፋል። አዛዋክን በማሊ፣ በኒጀርና በቡርኪና ፋሶ ቱዋሬጎችና ሌሎች አርብቶ አደሮች ለአደንም ለሰፈር ጥበቃም አሳድገውታል፤ እጅ ዘርግቶ የሚመጣ እንግዳን አይወድም። ከሁለቱ «ጅራቱን እየቆላ ይምጣ» ብሎ የሚጠብቅ መመዘኛ የማይገባቸውን ነገር እየጠየቃቸው ነው።

መለያው ይኸው ነው፦ ኩሩው ውሻ ወደ ጎን ይመለከታል፣ አካሉ ላላ ይላል፣ እንግዳው ሲቀመጥና ሲተወው ወደ ሥራው ይመለሳል። ፈሪው ግን እንግዳው ከሄደም በኋላ ይንቀጠቀጣል፣ በር በሩን ያያል፣ አይበላም። እንግዳውን አለመቅረቡ አንድ ነው፤ እንግዳው ሲሄድ የሚሆነው ግን ይለያያል።

ታዲያ የዝርያው ስም ስለ አመሉ ምን ያህል ይነግረናል?

ብዙ ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ። በ2022 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ከ18 ሺህ በላይ ውሾች ባለቤቶችን መልስ፣ ከ2 ሺህ በላይ ውሾችን ዘረ መል አገላብጦ፣ በግለሰብ ውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያብራራው 9 ከመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን አገኘ። ቀሪው አስተዳደግ፣ ኑሮና የውሻው የራሱ ተፈጥሮ ነው።

እኔ ከዚህ የምወስደው ዝርያ ከንቱ ነው የሚለውን አይደለም። ዝርያ የት የት መመልከት እንዳለባችሁ ይጠቁማል፦ ከግሬይሃውንድ ጋር ስትሆኑ የማባረር ፍላጎቱን፣ ብቸኝነቱን፣ የእንቅልፍ ድንጋጤውን ትፈትሻላችሁ። መልሱን ግን ፊታችሁ የቆመው ውሻ ነው የሚሰጣችሁ። ድመት አቅፎ የሚተኛ ግሬይሃውንድ አለ፤ እንግዳ ሲያይ ጭን ላይ የሚወጣ ሳሉኪም አለ።

አመሉ በድንገት ቢለወጥስ?

ከአሠልጣኝ በፊት ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ። በተለይ ግሬይሃውንድ የእግሩ መዳፍ ላይ በእንግሊዝኛ ኮርን የሚባል፣ የሚያመው ጠጣር ነገር ያወጣል፤ አስፋልት ላይ አልሄድም ሲል ግትር ይመስላል፣ ምንጣፍና ሣር ላይ ግን ደህና ይሄዳል። ጥርስ፣ ጀርባ፣ የድሮ የሩጫ ስብራት ሁሉ ሰላማዊውን ውሻ ቁጡ ያደርጉታል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያዙ። የግሬይሃውንድና የአንዳንድ ዘመዶቹ ደም ከሌላው ውሻ ይለያል፤ የታይሮይድ ሆርሞን መጠናቸው በጤናቸውም ዝቅ ያለ ነው፣ የቀይ ደም ሴላቸው ደግሞ ከፍ ያለ። ይህን ያላጤነ ሐኪም ፍርሃቱን ሁሉ በታይሮይድ አሳቦ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። «የግሬይሃውንድ መደበኛ ልክ ነው የተጠቀሙት?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ።

መመዘኛውን ወደቀ የተባለ ውሻ ልውሰድ?

ወረቀቱን ሳይሆን ታሪኩን ጠይቁ። ስንት ጊዜ ታየ? የት? ማን ይዞት ነበር? ከጉዞ በመጣ በስንተኛው ቀን? ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር የጭነት መኪና ጉዞ በኋላ በማግሥቱ የተፈተነ ውሻ ውጤቱ የመንገዱ ነው። ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በተለያየ ቀንና ቦታ ታይቶ ተመሳሳይ ነገር ካደረገ ግን እመኑት። ሰው ነክሶ ቆዳ ያቆሰለ፣ በተለይም ሳያስጠነቅቅ የነከሰ ውሻን ልጆች ላሉበት ቤት አልመክርም፤ የቱንም ያህል ያሳዝን። ከፈራ ብቻ፣ ድንጋጤው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ከሆነ፣ ጊዜ ያለው ቤት ይበቃዋል።

የታገሺ ወረቀት ላይ «ከወንዶች ትሸሻለች» የሚል ነበር። ስጠይቅ የታየችው አንድ ቀን፣ ባርኔጣ ያደረገ አንድ ረጅም ሰው ፊት ብቻ መሆኑ ታወቀ። ባለቤቴ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ሰጥቷት ስልኩን ያይ ጀመር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አገጯን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ባርኔጣ ያደረገ ሰው ስታይ ግን ዛሬም ከኋላዬ ትቆማለች።